በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማን ቆሟል? ማን ተቀምጧል?

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ የንባብ ክበብ ስለ ልብ ወለድ አጀማመር ያደረግሁት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ለማቅረብ ሞክሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳል? ይደርሳል። እግዜር ይስጥልኝ።

ታላላቆቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ለዚህ ቀን በሰላም ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን። ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ሥራ አለ። ልብስ ይታጠባል። ለቅሶ ይደረሳል። ልጅ ይጠበቃል። ያንን ሁሉ ትታችሁ ስለ መጽሐፍ ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ልብ ወለድ አጀማመር ነው። ስለ መጀመሪያው ገጽ። አንዳንዴም ስለ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ። ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቦታ፣ ሰው፣ የኑሮ ደረጃ። ስለ ቦታ ጥቂት እላለሁ። ስለ ሰው ትንሽ ጨመር አደርጋለሁ። ሦስተኛው ላይ ግን ብዙ እቆያለሁ። እዚያ ላይ እኛ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች በእጃችን ያለውን መሣሪያ ብዙ ጊዜ አናየውም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ የምንኖርበት ግቢ ውስጥ ስድስት ቤት ነበረ። ጥራት ያለው ሬዲዮ የነበረው ግን አንዱ ቤት ብቻ ነው። የቤቱን ባለቤት እትዬ ነበር የምንላቸው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የሚያነብበት ሰዓት ሲደርስ ግቢው እረጭ ይላል። እትዬ ሶፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። የጎረቤት እናቶች በርጩማ ይዘው ይመጣሉ። አባቶች በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። እኛ ልጆች ከውጭ፣ መስኮቱ ሥር። የቤቱ ሠራተኛ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ሰሃን ታጥባለች። ቆማ ነው የምትሰማው። ውሃው ድምፅ እንዳያሰማ እጇን ቀስ፣ ቀስ እያደረገች።

አስቡት። አንድ ድምፅ ነው የምንሰማው። አንድ ታሪክ ነው። ግን ሁላችንም የሰማነው ከየቦታችን ሆነን ነው።

ዛሬ ያን ምሽት ልጻፍ ብዬ ብቀመጥ «እትዬ ሀብታም ነበሩ፣ ሠራተኛዋ ድሃ ነበረች» ማለት ያስፈልገኛል? አያስፈልገኝም። ማን ተቀምጧል? ማን ቆሟል? ማን ደጅ ነው? ይህን ከነገርኳችሁ የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ላይ ኋላ እመለሳለሁ። እንዳትረሷት።

እሺ፣ ቦታ።

ወጣት ሆኜ የመጀመሪያውን ረጅም ድርሰቴን ለአንድ አስተማሪዬ ወሰድኩላቸው። የሚጀምረው በፀሐይ ነበር። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ አለች፣ ወፎች ተንጫጩ፣ ጤዛው አብረቀረቀ። ሙሉ ገጽ። አስተማሪዬ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ፀሐይማ ለሁሉም ትወጣለች» አሉኝ። «ያንተን ሰውዬ ግን ማን ቀሰቀሰው? ዶሮ ነው? ሚስቱ ናት? ሠራተኛው ናት? ወይስ ትኋን?»

ይህን ጥያቄ ይኸው እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ። ማን ቀሰቀሰው?

ተራራና ወንዝ ብቻውን ቦታ አይሆንም። ሰው የሚነካው፣ የሚሰማው፣ የሚከፍተው፣ የሚዘጋው ነገር ሲገባበት ነው ቦታ የሚሆነው። «ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ ነው» ብላችሁ ብትጀምሩ ገና ምንም አልነገራችሁኝም። የትኛዋ አዲስ አበባ? መኪና በር ላይ ቆሞ ሁለቴ ክላክስ ሲያደርግ ዘበኛ ሮጦ የሚከፍትባት አዲስ አበባ አለች። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቧንቧውን ድምፅ ሰምተው እናቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው የሚነሱባት አዲስ አበባም አለች። ዝናብ ቢዘንብ የማይሰማበት ቤት አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ባልና ሚስት እየተጯጯሁ የሚያወሩበት ቤት አለ። ዝናቡ አንድ ነው። ጣሪያው ነው የሚለየው።

እንግዲህ ዝናብ ስትጽፉ ጣሪያውን ጻፉት። እለምናችኋለሁ፣ ጣሪያውን ጻፉት።

ስለ ቦታ ይኸው ነው። ወደ ሰው ልለፍ።

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ሰውን በመልኩ ያስገባል። ረጅም፣ ጠይም፣ ጥርሰ በረዶ። ይህ ለመታወቂያ ይሆናል። ለታሪክ ግን ሰውየው ምን አድርጎ ታወቀ? ምን ያስፈራዋል? የሚለው ይበልጣል።

ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን «ቲንግስ ፎል አፓርት»ን ያሳተመው በ1958 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ዋናውን ሰው ኦኮንክዎን እንዴት እንዳስገባው ተመልከቱ። ከመልኩ በፊት ዝናው ነው የሚመጣው። በዘጠኙ መንደሮች፣ ከዚያም አልፎ የታወቀ ሰው ነው። በምን ታወቀ? ለሰባት ዓመት ማንም ያልጣለውን ታጋይ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ በትግል ጥሎ። ያ ታጋይ ጀርባው መሬት ነክቶ ስለማያውቅ «ድመቱ» ይባል ነበር። እዚህ ላይ የተዋወቅነው ኦኮንክዎን ብቻ ነው? አይደለም። ሰው በክንዱ የሚከበርበትን አገርም ተዋውቀናል።

ወዲያው አባቱን ያመጣዋል። ኡኖካን። ዋሽንት የሚወድ፣ ዕዳ የተከመረበት፣ አንድም ማዕረግ ሳይኖረው የሞተ ሰው። ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል እንደገና ወደ ልጁ እንመለሳለን። ያም በሚሉት ሥራ ሥር የተሞላ ሁለት ጎተራ አለው። እኛ በደቡብ ቦዬ የምንለው ማለት ነው። ሦስተኛ ሚስቱን በቅርቡ አግብቷል። ሁለት ማዕረግ ተቀብሏል። አሁን ይህ ሰው ሌት ተቀን ከምን እንደሚሸሽ አወቅን? አወቅን። ከአባቱ ነው። ደራሲው በጥቂት ገጽ ውስጥ የአንድን ሰው ፍርሃት ከአንድ አገር የክብር ሚዛን ጋር አስሮ ሰጠን።

አሁን ሦስተኛው። የኑሮ ደረጃ።

ሁለት አጀማመር ላሳያችሁ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።

ከላይ፦ የቶልስቶይ «አና ካሬኒና»። በፈረንጆቹ ከ1875 ጀምሮ በመጽሔት በተከታታይ የወጣ ነው። ስለ ደስተኛና ደስታ ስለ ራቃቸው ቤተሰቦች የሚናገረውን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ያስታውሰዋል። እኔ የማደንቀው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ባልየው ልዑል ኦብሎንስኪ ቀድሞ ልጆቹን ታስተምር ከነበረች ፈረንሳዊት ጋር መወስለቱን ሚስቱ ደርሳበታለች። ቤቱ ታምሷል። ቶልስቶይ ግን ቤቱ መታመሱን በሚስትየዋ ለቅሶ ነው የሚነግረን? አይደለም። እስቲ አብረን እንቁጠር፤ ጣት አውጡ። እንግሊዛዊቷ የልጆች ሞግዚት ከቤት አስተዳዳሪዋ ጋር ተጣልታ ሌላ ሥራ ልትፈልግ ነው። ሁለት። ወጥ ቤቱ ትናንት ልክ በምሳ ሰዓት ጥሎ ሄዷል። ሦስት። የወጥ ቤት ረዳቷና የሠረገላ ነጂው ሒሳባችን ይሰጠን ብለዋል። አምስት። ትንሽ ቆይቶ ልብሱን የሚያቀርብለት አሽከር ይመጣል። ከኋላው ጢም ላጩ። ሰባት!

ሰባት ሰው ለአንድ ቤት። «ሀብታም» የሚል ቃል አልወጣውም። ሌላም ነገር አለ። ልዑሉ ሦስተኛውን ሌሊት ያሳለፈው ጥናት ክፍሉ ውስጥ፣ የቆዳ ሶፋ ላይ ነው። ሲነቃ ዘጠኝ ዓመት እንደለመደው ካባውን ሊያነሳ እጁን ይዘረጋል። ካባው ግን እዚያ የለም። መኝታ ቤት ነው የሚሰቀለው። ከሚስቱ ክፍል መባረሩ ትዝ የሚለው ያን ጊዜ ነው። እጁ ነው ቀድሞ የነገረው። አይ ቶልስቶይ!

ከታች ደግሞ የካፍካ «ሜታሞርፎሲስ» ዋና ሰው፣ ግሪጎር ሳምሳ አለ። መጽሐፉ በፈረንጆቹ በ1915 የታተመ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ሲነቃ ግዙፍ ተባይ ሆኗል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ክፍሉን አይታችሁታል? ጠረጴዛው ላይ የጨርቅ ናሙና ተዘርግቷል። ሰውየው ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ተቀጣሪ ነው። ግድግዳው ላይ ከመጽሔት ቆርጦ ፍሬም ያስገባላት የአንዲት ሴት ሥዕል አለች፤ ፀጉራም ቆዳ የለበሰች። እሱ የሚደርስባት ሴት አይደለችም። የቆረጣት ከመጽሔት ነው። ከዚያ ሰዓቱን ያያል። ደወሉን የሞላው ለሌሊቱ አሥር ሰዓት ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ተኩል ሆኗል። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ባቡር አምልጦታል!

ሰውነቱ ወደ ተባይ ተለውጦ ስለ ባቡር ነው የሚጨነቀው። ወላጆቹ ለአለቃው ዕዳ አለባቸው። ያን ዕዳ ከፍሎ ለመጨረስ አምስት ስድስት ዓመት ይቀረዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደሞዝ ጠብቆ የቤት ኪራይ የከፈለ ሰው ሁሉ ይህን ገጽ በሰውነቱ ያውቀዋል። ኦብሎንስኪ ሰፊ ሶፋ ላይ ተኝቶ የሚያዝንበት ጊዜ አለው። ሳምሳ ለመደንገጥ እንኳ ጊዜ የለውም። ልዩነቱ ይህ ነው። የኑሮ ደረጃ ጊዜም ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ቶልስቶይ ሰባት ሰው መደርደር አስፈለገው። እኛ ግን በአንድ ግሥ እንጀምራለን። «መጣ።» «መጡ።» አበቃ። «ከበደ በሩን ከፈተ።» «አቶ ከበደ በሩን ከፈቱ።» ሰውየው አንድ ነው፣ በሩ አንድ ነው። እኔና እናንተ ግን ሁለት የተለያየ ሰው አየን። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ምንም አይመርጥም። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ማምለጫ የለውም። የመጀመሪያውን ግሥ ሲጽፍ ያንን ሰው የት እንዳስቀመጠው ተናግሯል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፍቀዱልኝ። ለእኔ የዛሬው ዋና ነገር ይህ ነው።

አንድ ቤት አስቡ። ሠራተኛዋ ሃምሳ ዓመቷ ነው። እመቤቷ ሠላሳ ዓመቷ ነው። ተራኪው ስለ ሠራተኛዋ «ቡናውን አቀረበች» ይላል። ስለ እመቤቷ «ቡናውን ተቀበሉ» ይላል። ይህን ያለው ማን ነው? እመቤቷ አይደለችም። ሠራተኛዋም አይደለችም። ታሪኩን የሚነግረን ድምፅ ነው። እንግዲህ ያ ድምፅ ከማን ጋር ተቀምጧል? ሶፋው ላይ ነው ወይስ ጓዳ? እኔ ራሴ ለዓመታት እንዲህ ጽፌያለሁ። ቆይቼ የድሮ ጽሑፌን ሳገላብጥ፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት አንቺ ብዬ የልጃቸውን እኩያ አንቱ ስል አገኘሁት። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት። ቤት ውስጥ ሰምቼ ያደግሁትን ሳላስበው ወደ ወረቀት አስገብቼው ነበር።

አንቱ አይጻፍ እያልኩ አይደለም። ማን አንቱ እንደተባለ፣ ማን እንዳልተባለ አውቀን እንጻፍ ነው የምለው። ተራኪው ሁለቱንም ሴቶች «አቀረቡ፣ ተቀበሉ» ቢል ምን ይሆናል? አንባቢው ይነቃል። «ቆይ፣ ሠራተኛዋን አንቱ አላቸው እኮ» ይላል። አንድ ግሥ፣ እና ታሪኩ የማን ወገን እንደሆነ ታወቀ።

ንግግር ላይ ደግሞ ከዚህ ያጠረ አለ። ስሙኝ።

«አልማዝ!»
«አቤት፣ እትዬ!»

ሌላ ደግሞ።

«አልማዝ!»
«ወዬ!»

ስንት ቃል ነው? ቤቱን አያችሁት? ማን ቆሞ ማን እንደተቀመጠ አያችሁ? በመጀመሪያው አልማዝ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ስትሮጥ አየኋት። በሁለተኛው አልማዝ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። አሁን ደግሞ የመጀመሪያዋ አልማዝ እትዬ ሲጠሯት «አቤት» ማለት ትታ «ምነው?» ብትልስ? እዚያ ቤት አንድ ነገር ተፈጥሯል። ልብ ወለድ በዚያች «ምነው» መጀመር ይችላል።

ስምም እንዲሁ ነው፤ ይህን በአጭሩ ልለፈው። ወርቅነሽና ሊዲያ አንድ ሰፈር፣ አንድ ዘመን አይደሉም። ፊታውራሪና ኢንጂነርም እንዲሁ። ስም ስታወጡ የወላጆቹን ቤት እያሰባችሁ አውጡ። ስም የሚያወጣው ባለ ስሙ አይደለማ!

አሁን ወደዚያች ልጅ ልመለስ። አልረሳችኋትም አይደል?

ሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። አቼቤ በእነሱ 1958፣ ሐዲስ በእኛ 1958፤ ይህ መገጣጠም ሁሌም ደስ ይለኛል። መጽሐፉ የፍቅር መጽሐፍ ነው፤ ርዕሱም ይናገራል። በፍቅረኞቹ ግን አይጀምርም። ሰብለ ወንጌል ገና የለችም። የሚጀምረው ጎጃም፣ ማንኩሳ ላይ ነው። በበዛብህ ወላጆች፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ። እንዴት እንደተገናኙ፣ እንዴት ትዳር እንደያዙ። ከዚያ ነው በዛብህ የሚመጣው፣ ስለቱም የሚመጣው።

ወጣት ሳለሁ ይህ አጀማመር ረዘመብኝ። ዋናው ነገር ፍቅረኞቹ የሚገናኙባት ዲማ ናት፣ ለምን ማንኩሳ ያቆየናል እል ነበር። ያኔ ያቺ ልጅ ያለችኝን ገና አላሰብኩበትም ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ሳይኖሩ በጓዳው በር ጠራችኝ። ትምህርት ቤት እገባ ስለነበር ማንበብ እንደምችል ታውቃለች። ንባቡ ሲጀመር እራት እያቀረበች ስለነበር የመጀመሪያው አምልጧታል። መጽሐፉ እትዬ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አለ። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ አመጣችውና «መጀመሪያውን አንብብልኝ» አለችኝ። «ለምን? አሁንኮ ብዙ ተኪዷል» አልኳት። «በዛብህ የማን ልጅ እንደሆነ አልሰማሁም» አለች።

የማን ልጅ ነው? አያችሁ? እኛ አገር እንግዳ ሰው ሲመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው ይህ አይደል? የማን ልጅ ነህ? የት አገር ነህ? ሐዲስ አለማየሁ አገራቸውን ያውቁታል። አንባቢው ሳይጠይቃቸው መለሱለት።

ደፉ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላት። ማንኩሳን። ቦጋለን። ውድነሽን። እሷ ቆማ ነበር የምትሰማው፤ ማንም ባይኖርም አልተቀመጠችም። ትንሽ እንደሄድኩ አቋረጠችኝና «እንዴ! እንደኛ የባላገር ልጅ ነዋ!» አለች። ፊቷን ዛሬም አየዋለሁ። ከዚያ በኋላ ንባቡን ስትሰማ ሌላ ሰው ነበረች። በዛብህ አስተማሪ ሆኖ የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ሲገባ እኛ ልጆቹ ፍቅሩን ነበር የምንጠብቀው። እሷ ግን በዘራቸው የሚኮሩት ፊታውራሪ ምን እንደሚሉት ነበር የምትፈራለት። ከማንኩሳ ጀምራ አብራው መጥታለች። የት እንደሚገባ፣ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ትልቁን ግቢ የሚያስፈራ ያደረገው ያ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። እሱ ባይኖር ግቢው ግቢ ብቻ ይሆን ነበር።

መጽሐፉ ሲታተም ገባርና ባለ ርስት የሚባል ነገር በሕይወት ነበር። ያንን ያስቀረው የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው። እኛ በሬዲዮ ስንሰማው አዋጁ ወጥቶ ነበር። ልጅቷ ግን አሁንም ቆማ ነበር የምትሰማው። ይህን ሳስበው ሁሌ አንድ ነገር ይሰማኛል። ኑሮ ደረጃን የሚያሳየው ማዕረግ ወይም አዋጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልብ ወለድ ባላስፈለገን ነበር። ታሪክ መጽሐፍ ይበቃን ነበር። የሰው ቤት ባዶ ሆኖ እንኳ ያልተቀመጠች ልጅን ግን ታሪክ መጽሐፍ አያያትም። የልብ ወለድ የመጀመሪያ ገጽ ያያታል። ሊያያት ይገባል።

ሰዓቴ እያለቀ ነው። አስተባባሪዋ እያየችኝ ነው፣ ገብቶኛል። ከጥያቄ በፊት አንድ ሥራ አብረን እንሥራ። ወረቀት እየታደለ ነው፤ እስክሪብቶ የሌለው ከጎረቤቱ ይጠይቅ።

አንድ ዓረፍተ ነገር እሰጣችኋለሁ፦ «መብራት ጠፋ።»

ይህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ቀጥሎ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ አይበልጥም። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ይኑር። «ሀብታም» እና «ድሃ» የሚሉ ቃላት አይግቡ። ጄኔሬተር ይነሳል? ማን ያስነሳዋል? ሻማው የት ነው ያለው? ማን ነው የሚፈልገው? ወይስ ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ ምጣዱ ላይ ያለችው እንጀራ ሳትበስል ቀረች? ማን ተቀምጦ ጠበቀ? ማን በጨለማ ተነሳ? ግሡንም አስቡበት፤ ተነሳች ነው፣ ተነሱ ነው?

አሥር ደቂቃ አላችሁ። ከኋላ ወንበር ያጣችሁ ልጆች፣ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ቦታ አለ። ተቀመጡና ጻፉ።